ኤስ ይዞ ሁለት ዙር ማሳለፍ፦ ስሌት ነው ወይስ ዕድል? (3 ኖ ትራምፕ)

ጀልባ ጠጋኝ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ብሪጅ (አራት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ የሚጫወተው የካርታ ጨዋታ) የሚጫወቱ ሰዎች እንዳሉ ስላየሁ ነው የምጽፈው። ዳኝነት ፈልጌ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ከአጋሬ ጋር ሰላምታችን ቀዝቅዟል።

ሥራዬ የጀልባ ሞተር ጥገና ነው። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሱት ጀልባዎች ሲበላሹ እኔ ጋ ይመጣሉ። ብሪጅ ያስተማሩኝ አከራዬ ናቸው። ድሮ ፖሊቴክኒክ ያስተምሩ ነበር፤ ጨዋታውን የለመዱት ሕንድ አገር ሲማሩ ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። አጋሬም እሳቸው ናቸው። ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። ስናሸንፍ አብረን ነው፣ ስንሸነፍ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። ከሰዓት የሚነሳው የሐይቅ ነፋስ ካርታ ስለሚበትን የተዘረጋውን በስኒ እየጫንን ነው የምንጫወተው። አስተናጋጇ ስኒ ጎደለኝ ስትል መጀመሪያ የምትመጣው እኛ ጋ ነው።

ስምንት ሰው ከሞላ ጨዋታው ይከብዳል። ያን ቀን ሁለት ጠረጴዛ እንይዛለን። እኛ የተጫወትነው ካርታ ሳይበወዝ፣ እንዳለ፣ በአራት ካኪ ፖስታ ታሽጎ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይሄዳል። እነሱም ያንኑ ይጫወቱታል። ስለዚህ "ካርታ ጠመመብኝ" ማለት አይቻልም። አንተ የያዝከውን ሌላውም ይዞታል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የኔ እጅ ይሄ ነበር፦

ስፔድ፦ ኤስ 6 3
ኸርት፦ ኤስ ኩዊን 4
ዳይመንድ፦ 9 8 3
ክለብ፦ ኤስ ኪንግ 7 4

የጋሼ ደግሞ፦

ስፔድ፦ 7 4
ኸርት፦ ኪንግ 8 5
ዳይመንድ፦ ኤስ ኩዊን ጃክ 10 6
ክለብ፦ 9 5 2

ጨረታውን (ስንት ዙር እንደምንበላ የምንወዳደርበትን) እኔ በ1 ኖ ትራምፕ ከፈትኩ፤ ኖ ትራምፕ ማለት ሌላውን የሚቆርጥ ዓይነት የለም ማለት ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ከ6 ዙር በላይ የሚቆጠር ነው። 17 ነጥብ ነበረኝ (ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ብለን ነው የምንቆጥረው)። ጋሼ 10 ነጥብ ይዘው፣ መነጽራቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ፣ "3 ኖ ትራምፕ" አሉ። ሌሎቹ ፓስ። ስለዚህ ከ13 ዙር 9ኙን መብላት አለብኝ። ጋሼ ካርታቸውን ዘረጉና ዳሚ ሆኑ፤ የሳቸውንም ካርታ የማጫውተው እኔ ነኝ።

በግራዬ እትዬ ነበሩ፣ በቀኜ ወንድማቸው። እትዬ ስፔድ ኪንግ መዘዙ።

ቆጠርኩ። ስፔድ አንድ፣ ኸርት ሦስት፣ ዳይመንድ አንድ፣ ክለብ ሁለት። ሰባት ነው። ሁለት ይጎድላል። የሚመጣው ከዳይመንድ ነው፤ ግን የዳይመንድ ኪንግ እነሱ ጋ ነው። ወንድምየው ጋ ከሆነ አንድ ጊዜ ይበላኛል፣ ከዚያ ስፔድ ይመልሳል፣ እትዬ የቀረውን ስፔድ ጠራርገው ይበሉታል። አለቀልኝ ማለት ነው።

ስለዚህ ኤሴን አልመዘዝኩም። ትንሿን ጣልኩ። እትዬ ስፔድ ኩዊን ደገሙ። አሁንም ትንሿን ጣልኩ። ይሄኔ ጋሼ፣ ዳሚ ሆነው ሳለ፣ "ምነው ልጄ፣ ኤስህ ታማለች እንዴ?" አሉኝ። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። አስተናጋጇ ሳትቀር። ካርታ ታውቅ አታውቅ እንጃ።

በሦስተኛው ዙር ስፔድ ጃክ መጣ። አሁን በኤስ በላሁ። ቀጥሎ ዳይመንድ 9 ከእጄ ወጣች፣ ከዳሚው ትንሿን አስጣልኩ፤ ወንድምየው በኪንግ በላ። ከዚያ ካርታውን አየ፣ እህቱን አየ፣ እንደገና ካርታውን አየ። ስፔድ የለውም! ሦስት ብቻ ነበረው፣ ሦስቱም አልቀዋል። ክለብ መዘዘ። የቀረው ሁሉ የኔ ሆነ። 10 ዙር።

በኔ ቤት የነዳጅ ቱቦውን ነው የቆረጥኩት። ታንከሩ ሙሉ ነው፣ ወደ ሞተሩ ግን የሚደርስ ጠብታ የለም።

ጋሼ ግን አኮረፉ። "በዕድል ነው የወጣኸው። ኤስ የያዘ ሰው ይበላል። በሰው ፊት ሁለት ዙር ታስበላናለህ?" አሉ። እስከ ቤት ድረስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ታዲያ ማን ነው ልክ? ሁለተኛ፣ ዳሚ የሆነ ሰው እንዲህ መናገር ይፈቀድለታል?

---

አምሳ ሁለቱ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ አንተ ነህ ልክ። አራት ነጥብ።

ይሄ "የሰባት ሕግ" የሚባለው ነው። በኖ ትራምፕ ስትጫወት፣ ተቃራኒ በመጣበት ዓይነት ኤስ ብቻ ካለህ፣ በእጅህና በዳሚው ያሉትን ካርታዎች ደምረህ ከ7 ትቀንሳለህ። የሚቀረው ቁጥር ስንት ዙር ማሳለፍ እንዳለብህ ይነግርሃል። አንተ ሦስት ስፔድ፣ ዳሚው ሁለት፤ አምስት። 7 ሲቀነስ 5፣ ሁለት። ሁለት ዙር አሳለፍክ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

አንድ ዙር ብቻ አሳልፈህ ቢሆን አይበቃም ነበር። ወንድምየው ሦስተኛ ስፔዱን ይዞ ይቆይልህና በዳይመንድ ኪንግ ሲበላ ይመልሳታል። ለዚህ ነው ቁጥሩ የሚያስፈልገው።

ስለ "ዕድል" ደግሞ። እነሱ ጋ 8 ስፔድ አለ። 8 ካርታ በሁለት ሰው መካከል 5 ለ 3 የሚከፈለው 47 በመቶ አካባቢ ነው። 4 ለ 4 የሚሆነው 33 በመቶ አካባቢ፣ 6 ለ 2 ደግሞ 17 በመቶ አካባቢ። አንድ በአንድ እየው። 5 ለ 3 ከሆነ የሆነውን አይተኸዋል። 6 ለ 2 ከሆነ ወንድምየው ቀድሞ ያልቅበታል። 4 ለ 4 ከሆነ ስፔድ ይመልስልህ፤ የሚበሉህ በድምሩ ሦስት ስፔድና አንድ ዳይመንድ ነው። 9 ዙርህ አትነካም።

የዳይመንድ ኪንግ እትዬ ጋ ቢሆንስ? ያኔ ፊኔሱ (የዳሚውን ኤስ ሳይነኩ በበታቹ መሞከሩ) ይሠራል፤ አምስቱንም ዳይመንድ ትበላለህ፣ 11 ዙር ይሆናል። ኤሱን መጀመሪያ ብትበላም ያው 11 ነው። እና ማሳለፍህ ምንም አላስከፈለህም። በነጻ የተገኘ ዋስትና ነው።

ግን ዋናውን ደበቅከን። ፖስታው ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሲሄድ ምን ሆነ?

---

ጀልባ ጠጋኝ

ሃሃ፣ መጣሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የኔን ካርታ የያዘው አንድ ሐኪም ነው። ጨረታው እንደኛው 3 ኖ ትራምፕ ላይ ቆመ። ስፔድ ኪንግ ሲመጣ ወዲያው በኤስ ቀጠቀጠው። ዳይመንድ ሞከረ፣ ኪንጉ በላው፣ ስፔድ ተመለሰ፣ አራት ስፔድ ተከታትለው አለፉ። 8 ዙር ብቻ። በአንድ ወደቀ።

እኛ 430 አገኘን (ለ10 ዙር 130፣ ውሉን ስለሞላን 300)። እዚያ ጠረጴዛ ያሉት የኛ ቡድን ልጆች ደግሞ 50 አገኙ። ልዩነቱ 480፤ በቡድን መለኪያው 10 ነጥብ። ለዚያ ቀን ጨዋታ ብዙ ነው።

ጋሼ ይህን ሰምተውም አልተፈቱም። "ሐኪሙ ቢያንስ ቶሎ ነው የተጫወተው" አሉ።

---

የጎርጎራዋ

ልጄ፣ አጨዋወትህ ደስ ይላል። ያ የአዲስ አበባው ልጅ ግን ሕጉን እንደ ጸሎት አስደግሞህ እንዳይሄድ ፈራሁ። ሰባት ሲቀነስ እያላችሁ ጭንቅላታችሁን ቤት ጥላችሁ እንዳትመጡ።

ጎንደር ከእኅቴ ቤት እንጫወት ነበር። እኔ ተከላካይ ነበርኩ፣ በዳሚው ግራ የተቀመጥኩት። አጋሬ ስፔድ 3 አወጣች። እኔ በኪንግ ገባሁ። ሰውዬው በእጁ ስፔድ ኤስ 8 4 አለው፣ ዳሚው ላይ 6 5። አምስት ካርታ! እሱም ሕጉን ያውቃል መሰለኝ፣ በኩራት አሳለፈ።

እኔ ግን ዳሚውን አየሁት። ኸርት ላይ 7 እና 2 ብቻ ተኝተዋል። ስፔድ ልመልስለት? አልመለስኩም። ኸርት ኩዊን ጣልኩበት። በእጁ ኸርት ኪንግና 3 ብቻ ነበረው። ኪንጉን ሰቀለ፣ አጋሬ በኤስ በላችው፣ ከዚያ ኸርት ተከታትሎ ፈሰሰ። አምስት ኸርትና የኔ ስፔድ፤ በሁለት ወደቀ።

አስቂኙ ነገር ስድስት ዳይመንድ፣ ሁለት ክለብና ስፔድ ኤስ ይዞ ነበር። ዘጠኝ! መጀመሪያውኑ በኤስ በልቶ ቢሆን ማንንም ሳያስፈቅድ ቆጥሮ ይጨርስ ነበር። ያሳለፈው ለምንድን ነው? ልማድ ሆኖበት።

ስለዚህ ከማሳለፍህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ዘጠኙን ሳልሞላ የግድ የምሰጠው ዙር አለ ወይ? አንተ የዳይመንድ ኪንግን መስጠትህ አይቀርም ነበር፤ ስለዚህ ማሳለፍህ ልክ ነው። ሰውዬው ግን የሚሰጠው አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ሌላ ደካማ ቦታ አለኝ ወይ? አንተ ኸርት ላይ ኤስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ክለብ ላይ ኤስና ኪንግ ነበረህ። እትዬ ወዴትም ቢዞሩ አይጎዱህም።

ሽማግሌውን ደግሞ አታስቀይማቸው። ያስተማረ ሰው ተማሪው ሲቀድመው መጀመሪያ ያኮርፋል፣ ኋላ ለጎረቤት ይተርካል።

---

ሕግ በሕግ

ለሁለተኛው ጥያቄ። አይፈቀድም።

በብሪጅ ሕግ ቁጥር 43 ዳሚ በጨዋታው አይሳተፍም። ስለ አጨዋወቱም ለአጋሩ ምንም አያስተላልፍም። በአፍም፣ በምልክትም፣ በጉሮሮ ማጽዳትም። "ኤስህ ታማለች እንዴ" ማለት በቀጥታ "ብላ" ማለት ነው። ዳኛ ተጠርቶ ቢሆን፣ አንተም ያንን ሰምተህ ኤሱን በልተህ ቢሆን፣ ነገሩ ይጣራ ነበር። አንተ ግን ተቃራኒውን ስላደረግክ ማንም አልተጎዳም።

ሕግ 16ም አለ። አጋርህ ሲያመነታ፣ ሲተነፍስ፣ ስኒ ሲያንኳኳ ያገኘኸውን መረጃ መጠቀም አትችልም። በጨረታ ጊዜ ይሄ የበለጠ ይብሳል። እኛ ጋ አንድ ሰው ነበር፤ ጥሩ ካርታ ሲይዝ "ፓስ"ን አሳጥሮ፣ መጥፎ ሲይዝ አስረዝሞ ይላል። ሁላችንም ስለምናውቅ ተቃራኒዎቹ ነበሩ የሚጠቀሙበት።

---

ጀልባ ጠጋኝ

እማማ የጎርጎራዋ፣ እግዜር ይስጥልኝ። "ዘጠኙን ሳልሞላ የግድ የምሰጠው ዙር አለ ወይ" የሚለውን ጻፍኩት። ሱቅ ውስጥ ካለው የዘይት ዋጋ ሰሌዳ ሥር ለጥፌዋለሁ።

ሕግ በሕግ፣ ይህን ጋሼ ካነበቡ ኪራይ ይጨምሩብኛል።

---

ጡረተኛው

አንብቤዋለሁ።

ይህን ገጽ ያሳየኝ የልጅ ልጄ ነው። አከራይ የተባልኩት እኔ ነኝ። እንደምታዩት ስሜን አልጠቀሰም፤ ሰፈሩ ግን በሙሉ አውቆታል።

በመጀመሪያ፣ የሰባትን ሕግ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ ሳይወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኤሱን ማሳለፉ ትክክል ነው። ያኮረፍኩት በሌላ ነገር ነው። እትዬ ኪንጉን እንደመዘዙ ልጁ ከዳሚው ስፔድ 4ን በጥድፊያ አስጣለኝ። ማሰብ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዳሚው አንድም ካርታ ሳይነሳ ተቆጥሮ ማለቅ አለበት ብዬ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የዚያን ቀን 4 ይሁን 7 ለውጥ አልነበረውም። በሌላ ቀን ይኖረዋል። ደግሞ ሻዬ ቀዘቀዘ።

በዕድል ያልኩት እውነት ነው፤ ተናድጄ ነበር። "ሐኪሙ ቶሎ ነው የተጫወተው" ያልኩትን ግን አሁንም አልመልሰውም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ አሳዝኖኛል። ይህን ሁሉ ሰው ሲጽፍ ስለ ጨረታው አንድ ቃል ያነሳ የለም። ያ ሁሉ የተበላው እኔ 3 ኖ ትራምፕ ስላልኩ ነው! አምስት ዳይመንድ ይዣለሁ፣ ያውም ከኤስ ኩዊን ጃክ 10 ጋር። ጀማሪ ቢሆን ዳይመንዱን ካላሳየሁ ብሎ ይጮሃል። የኖ ትራምፕ ጌም (ትልቁን ጉርሻ የሚያስገኘው ውል) 9 ዙር ነው፤ የዳይመንድ ጌም ግን 11። ለጌም 100 ነጥብ ያስፈልጋል። በኖ ትራምፕ ከ6 በላይ ያለው የመጀመሪያው ዙር 40፣ ቀጣዮቹ 30 ናቸው፤ ሦስቱ ተደምረው 100 ይሞላሉ። ዳይመንድ ለእያንዳንዱ 20 ነው፤ አምስት ያስፈልጋል። ይህን ስሌት እኔ አላወጣሁትም። መሠረቱ ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1925 በፓናማ ቦይ በኩል በመርከብ ሲጓዝ ከጓደኞቹ ጋር የሞከረው ነው፤ ቁጥሮቹ ኋላ ተስተካክለዋል።

5 ዳይመንድ ላይ ብንወጣ ምን ይሆን ነበር? ቁጠሩ። አንድ ስፔድ ይበላናል፣ የዳይመንድ ኪንግ ይበላናል፣ አንድ ክለብ ይበላናል። 10 ዙር ነው የምናገኘው። በአንድ እንወድቃለን። ልጁ ኤሱን ሁለት ዙር አሳለፈ ተብሎ ይወደሳል፤ የሚያሳልፍበትን ውል ያመጣሁለት ግን እኔ ነኝ።

አራት ኸርት ወይም አራት ስፔድ ቢኖረኝ ኖሮ 2 ክለብ ብዬ እሱም እንዳለው እጠይቀው ነበር። ሁለቱም የለኝም። ታዲያ ለምን አወራለሁ? ብዙ በተናገርክ ቁጥር እትዬ ምን እንደሚመዙ ታስተምራቸዋለህ።

ዳሚ አይናገርም ለተባለው፣ ትክክል ነው። የልጅ ልጄም ሕጉን አንብቦልኛል።

---

ጀልባ ጠጋኝ

ጋሼ! እዚህም አገኙኝ?

እሺ፣ 3 ኖ ትራምፑ ጥሩ ጨረታ ነበር። እውነቴን ነው። የ5 ዳይመንዱን ነገር አልቆጠርኩትም ነበር፤ አሁን ካርታውን ዘርግቼ አየሁት። ልክ ነዎት፣ ክለቡ የሚጣልበት ቦታ የለም።

ስኳር ጨርሰዋል ብላለች ልጅቷ፤ ማታ ይዤ እመጣለሁ።

---

አምሳ ሁለቱ

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጨረታውን ሳላነሳ አልፌያለሁ። 10 ነጥብ ከ1 ኖ ትራምፕ ፊት፣ አራት ካርታ ያለው ኸርትም ስፔድም የለም፤ በቀጥታ 3። እኔም ያንኑ እል ነበር። ግን ነጥቡ 8 ብቻ ቢሆን፣ ከነአምስቱ ዳይመንድ፣ ምን ይላሉ?

---

ጡረተኛው

የዳይመንዱ ጥራት ይወስነዋል። ኤስ ኩዊን ጃክ 10 ከሆነ ያው 3 እላለሁ፤ አምስት ካርታ ራሱ ይሠራል። ጃክ 7 5 4 2 ዓይነት ከሆነ 2 ኖ ትራምፕ ብዬ ውሳኔውን ለልጁ እተዋለሁ። 17 ከያዘ ይወጣል፣ 15 ከያዘ ፓስ ይላል።

ይልቅ ለቅዳሜ አንድ ሰው ጎድሎናል። እትዬ ጎንደር ለቅሶ ይሄዳሉ። ባሕር ዳር ያለ፣ ብሪጅ የሚችል ሰው ካለ ይጻፍ።

---

ቀበሌ 14

እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ብሪጅ ግን አልችልም፤ የምችለው ዊስት ብቻ ነው። ይሆናል?

---

ጀልባ ጠጋኝ

በደንብ ይሆናል። ዊስት ከቻልክ ካርታ አጣጣሉ ያው ነው፤ የሚቀርህ ጨረታው ነው። እሱን ጋሼ ያስተምሩሃል። ስምንት ሰዓት ላይ ና። ካርታ መጫኛ የሚሆን ከበድ ያለ ነገር ካለህ ያዝ፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት ስኒ አላበድርም ብላለች።